ባለ ሞላላ ቀዳዳ ማንዶሊን ልገዛ ነው፤ ዕድሜ ልክ የምትሆነኝን አማክሩኝ

ልጅ ከ4 ኪሎ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ባጭሩ ልጽፍ ነበር፣ አልሆነም። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ማንዶሊን ከያዝኩ 11 ዓመት ሆነኝ። አሁን ያለችኝ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ የገዛኋት ናት። ሲሸጡልኝ "ኦርጅናል ናት" አሉኝ። የምን ኦርጅናል እንደሆነች እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፊቷ ኮምፔርሳቶ ነው። ከ7ኛው ፍሬት (አንገቷ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች) ሽቅብ ከወጣሁ ቅኝቷ ይከዳኛል። ያስተማረችኝ እሷው ስለሆነች አላማትም፤ ግን በቃን።

ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ሜሪላንድ። የእናታችንን ቤት ጣሪያ ያስጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ "ድርሻዬን በዕቃ ልክፈልህ" አለኝ። የራሴን ጨምሬበት 4,000 ዶላር ደርሷል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜም ቀልድ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ ወደ ብር መመንዘሩን ትቼዋለሁ። ባለቤቴ እንዳትመነዝረው ብቻ ጸልዩልኝ።

የምጫወተው አብዛኛው ትዝታና ባቲ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ክራር፣ አንዱ ማሲንቆ፣ እኔ ማንዶሊን። ማይክ የለም፣ ስፒከር የለም። በሩ ሲዘጋ ጎረቤት አይሰማንም፣ ሲከፈት ግን ደረጃው ላይ ሰው ይቆማል።

ቀዳዳው ሞላላ እንዲሆን ወስኛለሁ፤ እሱ ላይ አልከራከርም (እከራከራለሁ እንጂ)። ያልወሰንኩት የአሜሪካኖቹን አሮጌ ጊብሰን ልያዝ ወይስ አዲስ የእጅ ሥራ የሚለውን ነው። ወንድሜ ኤፍ-4 ፎቶ ልኮልኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያቺ ትከሻዋ ላይ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለችው። ምን ትላላችሁ?

ኤፍ5 ብቻ | ሰኞ ማታ 3፡05

ገንዘቡ ያንተ ነው ወንድሜ፣ ግን ሞላላ ቀዳዳ ምን ይሠራልሃል? ሎይድ ሎር ጊብሰን ቤት ሆኖ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1922 ኤፍ-5ን ሲያወጣ ሞላላውን ትቶ እንደ ቫዮሊን ሁለት የኤፍ ቀዳዳ ያደረገው በከንቱ አይደለም። አንገቷንም ከአካሏ አወጣላት፤ 15 ፍሬት ነጻ ሆነ። በአሮጌዎቹ ሞላላዎች 12 ብቻ ነው። ድምፅዋ ከባንድ መሀል ሰንጥቆ ይወጣል። ቢል ሞንሮ ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ያቆመው በአንዲት የ1923 ኤፍ-5 ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ዝም ብዬ አንባቢ | ሰኞ ማታ 3፡11

ክራርና ማሲንቆ ብቻ ባለበት ቤት ማንን ሰንጥቃ ነው የምትወጣው? ባለቤቱን?

አዜብ ማንዶ | ሰኞ ማታ 4፡20

ኤፍ5 ብቻ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ለብሉግራስ። እዚያ ማንዶሊን ከበሮም ናት፤ ቸብ አድርገህ ወዲያው ታፍናታለህ። ስለዚህ ፈጥኖ የሚወጣና ፈጥኖ የሚቆም ድምፅ ነው የሚፈለገው። ለትዝታ ይሄ ቁርሱን በልቶ ሳይጨርስ እንደሚነሳ እንግዳ ነው። ሞላላዋ ድምፅዋ ወፈር ይላል፣ ይቆያል፣ ወደ ቀጣዩ ድምፅ ይሸኝሃል።

እኔ ልጆች አስተምራለሁ። ሁልጊዜ የማሳያቸውን ነገር ላንተም ላሳይህ። ማንዶሊን በጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ነው የምትቃኘው። ትዝታ ሜጀርን ከጂ ጀምር፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። አየኸው? አራቱም ባዶ ክሮች ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ ስምንት ክር ማለት ነው። አንዱን ስትመታ ያልነካሃቸውም ከሥር ያስተጋባሉ። ባቲ ማይነርን ከኢ ብትጀምር ያው አምስቱ ድምፆች ናቸው፣ ቤቱ ብቻ ነው የተቀየረው። አምባሰልን ከኤ ብትይዝ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይሆናል፤ ከባዶዎቹ ጂ ብቻ ውጭ ትቀራለች። አንቺሆዬን አታንሳብኝ። እዚያ ጋ ሲደርስ ፍሬት ያለው ዕቃ ሁሉ ያፍራል፤ ማሲንቆው ይስቅብሃል።

እንግዲህ ይሄ ማስተጋባት ነው ሞላላዋ የምትይዝልህ። ኤፍ ቀዳዳዋ ግን ቶሎ ትለቀዋለች። አገራችን ማንዶሊን ሲባል ስማቸው ቀድሞ የሚመጣውን አየለ ማሞን ቁጭ ብለህ ስማ። ቸብ ቸብ የለም፤ ክሩ እየተርገበገበ ዘፈን ይዘፍናል። መጀመሪያ የምትፈልገውን ድምፅ በጆሮህ ያዝ፣ ቀንዱ በኋላ ይደርሳል።

ባለ 8 ክር | ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ ለወንድምህ ጎረቤት በለኝ። አሮጌ ማንዶሊን እያየሁ መዞር ሱሴ ነው፤ የምገዛው ግን ከሃያ አንድ ነው። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍልህ ነው።

ኦርቪል ጊብሰን ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ማንዶሊንን እንደ ቫዮሊን መቅረጽ። ፊቷም ጀርባዋም ከወፍራም እንጨት ተፍቆ ጉብ ይላል። በስሙ የተሰየመው ኩባንያ በ1902 ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ከተማ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መልክ አለ፤ የእንባ ጠብታ የመሰለችው ኤ እና ባለ ቀንዷ ኤፍ። በሞላላዎቹ ዘመን ከኤፍ ወገን ቁንጮዋ ኤፍ-4፣ ከኤ ወገን ኤ-4 ነበረች።

ወንድሜ፣ ስለዚያ ቀንድ እውነቱን ልንገርህ። የክራቫት ማንጠልጠያ ነው። የትከሻ ማንገቻ ለማሰር ይመቻል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለመሥራት ደግሞ ብዙ ቀን ይፈጃል። ዋጋው የሚሰቀለው በዚያ ነው። ኤዋም ኤፏም የክራቸው ርዝመት አንድ ነው፣ 35 ሳንቲሜትር ገደማ። ቀዳዳቸው ያው፣ ከቀዳዳው ሥር ያለችው አንዲት አግዳሚ ድጋፍም ያው። ዓይኔን ሸፍነው ብዙ ጊዜ ፈትነውኛል፤ አንዷን ከሌላዋ መለየት እችላለሁ፣ የትኛዋ ኤፍ እንደሆነች ግን መናገር አልችልም። ኤ-4 እና ኤ-2ም ቢሆኑ ልዩነታቸው በአብዛኛው ጌጡ ላይ ነው።

ከቀንዱ ይልቅ ዓመተ ምሕረቷን ጠይቅ። ከ1921 በፊት የተሠሩት አንገታቸው ውስጥ የሚስተካከል ብረት የላቸውም፣ አንገታቸውም እንደ መጥረጊያ እንጨት ይወፍራል። ከ1922 ወዲህ ያሉት ብረት አላቸው፤ አንገታቸው ቀጠን ይላል። ከ1923 አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ዓመት ደግሞ ራሳቸው ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ኤ ሞዴሎች ወጡ። ፈረንጆቹ "የእባብ ራስ" ይሏቸዋል። ክሩ ከአንገት ወደ መቃኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መቃኘት ይቀላል። ለአንተ ገንዘብ እነዚህን ነው የማየው።

ወንድምህ ሱቅ ሲሄድ የሙዚቃ ጆሮ ባይኖረውም ግድ የለም፤ ስልክና ማስመሪያ ይያዝ። መጀመሪያ ከጎን ፎቶ ያንሳ። ስምንት ክር ተወጥሮ ሲውል በጠቅላላው ወደ 80 ኪሎ ይስባል፤ ይሄን መቶ ዓመት የተሸከመ ፊት አንዳንዴ ከብሪጁ (ክሮቹን ፊቷ ላይ ከሚሸከመው እንጨት) ሥር ይሰምጣል። ትንሽ መውረድ ያለ ነው። ብሪጁ እስከ መጨረሻው ተነስቶም ክሩ ፍሬቱን የሚነካ ከሆነ ግን ማንዶሊኗ ታማለች። ቀጥሎ ባትሪ አብርቶ በቀዳዳው ይመልከት፣ ያቺ አግዳሚ ድጋፍ ተላቃ እንደሆነ። የመለያ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሌላ ቁጥር ደግሞ አንገቱ የሚገባበት እንጨት ላይ ታትሟል። ሁለቱ ዓመታቸው መገናኘት አለበት። የጥፍር መከላከያዋን ሳህንም ያሽት። አዎ፣ በአፍንጫው። የዱሮ ሴሉሎይድ ሲበሰብስ ይሸታል፣ አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ይበላል።

አዲስ ከሆነ የምትፈልገው፣ ቴክሳስ ኦስቲን ያለው ኮሊንግስ ሞላላ ይሠራል። ፍሬቱ ንጹሕ ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጭንቀት የለውም። ዌበርና ኖርዝፊልድም አሉ። የቻይናው ኢስትማን በጣም ባነሰ ዋጋ ፊቷም ጀርባዋም የተቀረጸች ደህና ሞላላ ይሰጥሃል፣ ግን አንተ የጠየቅኸው ዕድሜ ልክ የምትሆነውን ነው።

ልጅ ከ4 ኪሎ | ማክሰኞ ከሰዓት 7፡30

"የክራቫት ማንጠልጠያ"! ሌሊቱን ሙሉ ያየኋትን ነገር ገደልክብኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። "ማሽተት?" ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ጋሼ ፒያሳ | ማክሰኞ ማታ 1፡15

ልጆች፣ ሽማግሌም አለ እዚህ። ሞላላ ቀዳዳ ስትሉ አሜሪካ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ለምንድን ነው? የጣሊያኖቹ ሆዳሞችስ? የኔፕልሷ፣ ጀርባዋ እንደ ቅል የተነፋችው። ካላቼና ቪናቺያ የሚባሉ ቤቶች በዚህ ሥራ የኖሩ ናቸው። እኛ ልጅ ሆነን ሀገር ፍቅር አካባቢ ማንዶሊን ስንል ዓይናችን ላይ የምትመጣው እሷ ነበረች።

እኔ ከአባቴ አንዲት ወርሼ ነበር። የማን ሥራ እንደሆነች ስሟ ተፍቋል። አንድ ቀን ክሯ አልቆ ከአንድ ሱቅ የአሜሪካ ክር ገዝቼ አሰርኩባት። ሻጩ "ማንዶሊን ማንዶሊን ነው" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቡና እየጠጣን "ጧ!" አለች። ፊቷ ከቀዳዳው እስከ ታች ተሰነጠቀ። የጣሊያኗ ፊት ስስ ነው፣ ክሯም ቀጭን መሆን ነበረበት። ዛሬ ግድግዳ ላይ ናት፤ የልጅ ልጄ መፋቂያ ይከትባታል።

ስለዚህ ልጄ፣ የገዛሃት ዕቃ የምን ክር እንደምትችል ሳትጠይቅ አታስገባት።

ባለ 8 ክር | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ጋሼ፣ የሚያሳዝን ነገር ነው የነገሩን። ያሉትም ለአሮጌ ጊብሰንም ይሠራል። ከ10 ወይም ቢበዛ ከ11 የማይበልጥ ቁጥር ያለው ስብስብ ይበቃታል፤ ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በኢንች ሺህኛ ነው። ብረት ለሌላት አንገት 10 ብቻ። የጣሊያኗ ግን ለዚህ ልጅ አትመቸውም ብዬ እፈራለሁ። ጭን ላይ ትንሸራተታለች፣ ድምፅዋም ቀጭንና ብሩህ ነው፤ ማሲንቆው ካለበት ሰፈር ነው የምትወጣው። ሁለቱ ይሻማሉ።

ጋሼ ፒያሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡12

መሻማቱ ነበር ጣዕሙ። እሺ ይሁን።

ዋንዛ | ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ጊታርና ክራር የምጠግን ሰው ነኝ፣ እዚሁ መሀል ከተማ። ሁሉም ስለ ድምፅ አወራ፤ እኔ ስለ አየር ላውራ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ በሩ ያብጣል፣ አይዘጋም። ጥር ላይ ያው በር ተኮማትሮ በስንጥቁ ንፋስ ይገባል። ማንዶሊን ማለት ሦስት አራት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በር ነው። ለተቀረጸ ዕቃ ምቹው እርጥበት ከ40 እስከ 55 በመቶ ነው ይባላል። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ቤትህ ውስጥ ብትለካው ትደነግጣለህ። ወደ እኔ የሚመጣው ስንጥቅ አብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ግንቦት ላይ ተሰንጥቆ የመጣ አላስታውስም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። እርጥበት መለኪያ ወንድምህ ይላክልህ፣ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጠው። የሳሙና መያዣ ፕላስቲክ ቀዳድተህ እርጥብ ስፖንጅ ክተትበት፤ ውኃው ጠብ እንዳይል ጨምቀው። መስኮት አጠገብ አታስቀምጣት። ግድግዳ ላይ አትስቀላት (ጋሼ ይቅርታ)።

አሮጌ ወይስ አዲስ ለሚለው፣ ሁሉም "አሮጌ ትፈርስብሃለች" ይልሃል። እኔ ግን አሮጌዋን አልፈራትም። የድሮዎቹ የተጣበቁት ከቆዳ በሚፈላ ሙጫ ነው፤ መጋጠሚያዋ ቢላቀቅ በሙቅ ውኃና በስስ ቢላ ከፍቼ በዚያው ሙጫ እመልሳታለሁ። የሚያስቸግረኝ ዘመናዊ ሙጫ የበላው ዕቃ ነው። እሱ አይከፈትም፣ እንጨቱን ይዞ ይነሳል። አሮጌ ሆና በሱፐር ግሉ የተጠገነች ከሆነች ደግሞ በስመ አብ ብለህ ሽሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የማንዶሊን ብሪጅ አይጣበቅም። የያዘው የክሩ ጭነት ብቻ ነው። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ። ሁሉንም ባንዴ ያወለቀ ሰው ብሪጁን ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል። ቦታው በሁለት ሚሊሜትር ከሳተ ቅኝቱ ሁሉ ይሳሳታል። ለጉዞ ክሩን ግማሽ ዙር ማላላት ይበቃል።

አዜብ ማንዶ | ረቡዕ ቀን 6፡40

ዋንዛ፣ ያንን የመጨረሻውን አትመህ ለተማሪዎቼ ወላጆች ላክልኝ።

ኤፍ5 ብቻ | ረቡዕ ማታ 1፡00

እኔ አሁንም ኤፍ-5 እላለሁ፤ ግን ለ4,000 ዶላር የሎር ዘመኗ አትታሰብም። ተሸነፍኩ በሉኝ።

ልጅ ከ4 ኪሎ | ሐሙስ ማታ 2፡30

ጉድ ተገኘ! አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ "በሎይድ ሎር የተፈረመች ኤፍ-4፣ 1923" ብሎ አውጥቷል። 3,800 ዶላር። ወንድሜ ካርዱን አውጥቶ ቁጭ ብሏል። ምን ልበለው?

ባለ 8 ክር | ሐሙስ ማታ 2፡34

ካርዱን ወደ ኪሱ ይመልስ። አሁኑኑ።

ሎር የፈረመው እንደ ኤፍ-5 ባሉት በ5 ቁጥር ሞዴሎች ላይ ነው፣ ከ1922 እስከ 1924። ኤፍ-4 የሱ ፊርማ የለባትም። ካለባት ወረቀቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። "ዘ ሎር" የሚባል ዛሬ ቻይና የሚሠራ ማርካ አለ። ክፉ ዕቃ አይደለም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ግን ስሙን ብቻ አይተው የመቶ ዓመት ዕቃ የገዙ የመሰላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ሻጩን የውስጥ ቁጥሩን ፎቶ ጠይቁት።

ልጅ ከ4 ኪሎ | ዓርብ ጠዋት 2፡10

ጠየቅነው። ማስታወቂያውን አጠፋው።

ዝም ብዬ አንባቢ | ዓርብ ጠዋት 2፡12

ሰውየው ራሱ በሱፐር ግሉ የተጠገነ ነው።

ልጅ ከ4 ኪሎ | እሑድ ማታ 3፡00

ይሄን ወሬ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ወጉ ነውና ልጨርሰው። ወንድሜ ትናንት ሱቅ ገብቶ አራት ሰዓት ቆየ። ሦስት አወጡለት፦ የ1914 ኤፍ-4፣ አዲስ ኮሊንግስ፣ የ1924 ኤ-2 ባለ እባብ ራስ። በቪዲዮ ደወለልኝና ባለሱቁ ሦስቱንም እየመታ አሰማኝ። በስልክ ሦስቱም ቆርቆሮ ናቸው። ስለዚህ ድምፁን ተውኩና "ጂውን በባዶው ምታና እስኪጠፋ በሰዓት ያዝልኝ" አልኩት። ሳይንስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ኤ-2ዋ ከሁሉም ቆየች።

ኤፍ-4ቷ ታምር ነበረች፣ አንገቷ ግን ብረት የለውም፤ ፊቷም ከጎን ሲታይ ወረድ ብሏል። ወንድሜ ሳህኗን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ፣ ካሜራው ፊት። ኮሊንግሷ እንከን የላትም። አሥር ዓመት ብኖርባት ምናልባት ታሸንፍ ነበር። ራሴን ስጠይቅ ግን እሷን የምፈልገው ስለማላስቸግራት ነው፣ ኤ-2ዋን የምፈልገው ደግሞ ስለጂዋ ነው። ፊቷ ቀጥ ብሏል፣ ድጋፏ አለች፣ ቁጥሮቿ ይገናኛሉ። ጎኗ ላይ የቆየ ጭረት አለ፣ ማንም አልነካካውም። ከበጀቱም በታች ናት። ከተረፈው ደህና ሳጥንና መለኪያ ገዛን። ደረሰኙም ሳጥኑ ውስጥ አለ።

የወንድሜ ሚስት በሚቀጥለው ሳምንት ስለምትመጣ በእጇ ይዛት አውሮፕላን ትገባለች። ከዕቃ ጋር አትጫንም።

ጋሼ ፒያሳ | እሑድ ማታ 3፡20

እንኳን ደስ አለህ። ስትደርስ ፎቶ ለጥፍ። የልጅ ልጄን አላመጣም፣ አትፍራ።

ልጅ ከ4 ኪሎ | ማክሰኞ ማታ 4፡45

ደረሰች። ፎቶ ልለጥፍ ነበር፣ ቀድሞ ግን ለዋንዛ መልእክት አለኝ።

ወንድሜ ያንን ምክርህን በጥንቃቄ አንብቦታል። በጣም በጥንቃቄ። "ግማሽ ዙር ከሚላላ ጨርሶ ቢወልቅ ይሻላታል" ብሎ ስምንቱንም ክር አውልቆ፣ ጠቅልሎ፣ ቁጥር ለጥፎባቸው ልኳል። ብሪጁ በካልሲ ተጠቅልሎ በወንድሜ ሚስት የእጅ ቦርሳ መጣ። ሐሙስ ትኖራለህ?

ዋንዛ | ማክሰኞ ማታ 4፡51

እኖራለሁ። እስከዚያ ማንም አይንካት። ካልሲውንም ይዘህ ና፣ ሱቄ ውስጥ እሰቅለዋለሁ።